ዘጠኝ ሺህ ካርዶችና የዓመቱ ዕቅድ

ቱሳን፣ አሪዞና
ጃንዋሪ 2፣ 1986

ለሟቹ የአጎቴ ልጅ ለኤሚል ባለቤት፣ ለቬሮና ባላዝ፤
ብሬንቶን፣ ፔንሲልቫኒያ

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን። እንደምን ከርመሻል? እኔ ከወገቤ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። አዲሱን ዓመት የጤናና የመጽናናት ያድርግልሽ። የኤሚልን ነፍስ ከአባቶቻችን ነፍስ ጋር ያኑርልን። ጥሩ ሰው ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኔ ከብሬንቶን ከወጣሁበት ከ1957 ጀምሮ ከኤሚል ጋር በየዓመቱ ጃንዋሪ ሁለት ቀን የቤዝቦል ካርዶቻችንን የዓመት ዕቅድ እየጻፍን እንደምንለዋወጥ ታውቂያለሽ። ካርዶቹ እናንተ ምድር ቤት ይቀመጡ እንጂ ግማሾቹ የእኔ ናቸው። አሁን እሱ ስለሌለ ሥራው በአንቺ ላይ ወድቋል። ስለዚህ የዘንድሮውን ዕቅድ ለአንቺ ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ፣ በረዶው ቀልጦ ምድር ቤቱ ውኃ ሳያቁር ካርዶቹን በሙሉ ወደ ላይ አውጪያቸው። ኤሚል በላስቲክ አስሮ የማስቀመጥ መጥፎ ልማድ ነበረው፤ ላስቲክ ጠርዙን ይበላዋል፣ ጠርዙ የተበላ ካርድ ደግሞ ካርድ አይደለም። ላስቲኩን ፈትተሽ ኪስ ባላቸው የፕላስቲክ ገጾች ውስጥ ክተቻቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ካርድ በመዝገብ ላይ አስፍሪ፤ ዓመቱን፣ ቁጥሩን፣ የተጫዋቹን ስም። ኤሚል ሁልጊዜ “በሚቀጥለው ዓመት” እያለ የተወው ሥራ ነው። ስብስቡን ማሳደግን በተመለከተ ደግሞ የ1953ቱ ተከታታይ እንዲሞላ አሥራ ዘጠኝ ካርዶች ይቀሩታል፤ ዘንድሮ መሙላት አለበት።

ከ1948 እስከ 1950 ያሉት ትንንሾቹ ካርዶች ላይ ግን አትድከሚ። በፕላስቲኩ ኪስ ውስጥ እየተንሸራተቱ ያስቸግራሉ። እንዳሉ አሽገሽ ወደ እኔ ላኪያቸው፤ እኔ አውቅላቸዋለሁ።

የሚያስጨንቅሽ ወይም ልትጠይቂኝ የምትፈልጊው ነገር ካለ ጻፊልኝ።

ሉድቪክ ባላዝ

*

ብሬንቶን
ፌብሩዋሪ 20፣ 1986

ለአቶ ሉድቪክ ባላዝ፤

ለዘላለሙ ይመስገን፣ አሜን። ይህን የምመልሰው የጌታ ስም ስለተጠራ ነው እንጂ ለእርስዎ ብዬ አይደለም።

እርስዎ ማለቴ እንዳይገርምዎ። በአንድ ጎዳና አድገን አርባ ዓመት አንተ ስልዎት ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ግን የማላውቀው ሰው ሆነው አገኘሁዎት፤ ለማላውቀው ሰው ደግሞ አንተ አልልም።

ደብዳቤዎን ቆጥሬዋለሁ። ስለ ኤሚል ሦስት መስመር፣ ስለ ካርድ ሙሉ ገጽ። ስለ ወገብዎም አንድ መስመር አለ።

በኦክቶበር ምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ማንም የነገረዎት አይመስለኝም። ሬሳ ሳጥን ለመሸከም ስድስት ሰው ያስፈልጋል። አምስቱ ነበሩ፤ ስድስተኛውን ቦታ ለእርስዎ ብዬ ክፍት አድርጌ ነበር። ቄሱ “ቬሮና፣ ማን ይግባ?” ሲሉኝ “ሉድቪክ በመንገድ ላይ ነው” አልኳቸው። ዝናቡ እየወረደብን ግማሽ ሰዓት ቆምን። መጨረሻ ላይ የቀብር መኪናው ሾፌር ሲጋራውን በእግሩ አጥፍቶ መጣና ተሸከመ። ኤሚልን ወደ መቃብሩ የወሰደው ስሙን የማላውቀው ሾፌር ነው። ቴሌግራም እንኳ አልላኩም።

አሁን ደግሞ ላስቲክ ፍቺ ይሉኛል።

ደብዳቤዎን ለጎረቤቴ ለኦልጋ አነበብኩላትና “አቃጥያቸው፣ ቢያንስ ምድጃሽ ይሞቃል” አለችኝ። እኔ ደግሞ በፋሲካ ለቤተ ክርስቲያኑ ባዛር ልሰጣቸው አስቤያለሁ። ልጆቹ ሲነዱ እንዲንጣጣላቸው በብስክሌታቸው ጎማ ሽቦ ላይ ይሰኳቸው።

የሚያስጨንቅሽ ካለ ጻፊ ብለዋል። የሚያስጨንቀኝ ለምን እንዳልመጡ ነው።

ቬሮና ባላዝ

*

ቱሳን
ማርች 9፣ 1986

ቬሮና፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። አንቱታሽ ደርሶኛል። እኔ ግን አንቺ ከማለት አልመለስም፤ በአራት ዓመትሽ ከፖም ዛፍ ላይ ያወረድኩሽን ልጅ እርስዎ ማለት አልችልም።

ያልመጣሁት በወገቤ ምክንያት ነው። ሐኪሙ አውሮፕላን ላይ አራት ሰዓት መቀመጥ ከልክሎኛል። በዚያ ላይ የዚያን ሳምንት ትኬት አልነበረም። ይኼው ነው።

ለባዛር ስለመስጠት ያልሽውን እንደ ቀልድ ወስጄዋለሁ። ቀልድ ካልሆነ ግን ግማሹ የእኔ መሆኑን ደግመሽ አስቢ። ከ1951 ጀምሮ ካርዶቹ አብረውት የሚሸጡትን ማስቲካ እያመነዠግሁ፣ ጥርሴን እያበላሸሁ የሰበሰብኳቸው ናቸው። ስንት ጊዜ እንደተጣላን፣ ስንት ጊዜ እንደተለዋወጥን የምናውቀው እኔና ኤሚል ብቻ ነን። አንቺ እኮ አንድ ጊዜ እንኳ ወደዚያ ምድር ቤት ወርደሽ “ይኼ ማን ነው?” ብለሽ ጠይቀሽው አታውቂም። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።

ዕቅዱን ባትሠሪውም ግድ የለም። ትንንሾቹን ብቻ ላኪልኝ። የተቀረውን እንደፈለግሽ አድርጊው። ቴምብሩን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አድርጌልሻለሁ።

በነገራችን ላይ የክሊቭላንድ ቡድን እንደ ሁልጊዜው ለጸደይ ልምምድ እዚህ መጥቷል። ትናንት ጨዋታቸውን እስከ መጨረሻው አየሁ። ወርዋሪያቸው ተስፋ አለው።

ሉድቪክ

*

ብሬንቶን
ጁን 15፣ 1986

አቶ ሉድቪክ፤

ይመስገን። እንደምን ከረሙ? ወገብዎ እንዴት ነው? አውሮፕላን ላይ አራት ሰዓት የማይቀመጠው ወገብ በእንጨት አግዳሚ ላይ ዘጠኙን ዙር እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ማየቱ ደስ ብሎኛል። እግዚአብሔር ይጨምርለት።

በኤፕሪል ምድር ቤቱ ውኃ ገባ። አርባ አንድ ሳጥን በእነዚህ ጉልበቶቼ ወደ መመገቢያ ክፍሉ አወጣሁ። ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ምድር ቤት ወርደሽ ጠይቀሽው አታውቂም ያሉኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። እውነት ነው፤ አልጠየቅሁትም። ከፋብሪካው ሲመለስ ታጥቦ ወደ ታች ይወርዳል፤ እኔ ከላይ ቴሌቪዥን አያለሁ። “ካርዶችህን አግባ” እለው ነበር።

ስለዚህ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላስቲኩን ሁሉ ፈታሁ። ግማሹ ደርቆ በእጄ ላይ ተበጣጠሰ። የፕላስቲክ ገጾች ገዛሁ፤ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ካርዶች ከአሁኖቹ ስለሚተልቁ ስምንት ኪስ ያለው ነው የሚሆናቸው፣ ይህንን እንኳ አልነገሩኝም። በየዓመቱ ለየሁ፤ ከዚያ በቁጥር። እስካሁን 1959 ደርሻለሁ። መዝገቡን በእጄ እየጻፍኩ ነው።

በሜይ ደግሞ በእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ የካርድ ገበያ ነበር። ኦልጋን ይዤ ሄድኩ። ኖርበርት የሚባል ወፍራም ነጋዴ አለ፤ ሳጥኔን እንዳየ፣

“እመቤት፣ የባልሽ ናቸው?” አለኝ።

“የባሌ ነበሩ።”

“አይዞሽ፣ እኔ እገላግልሻለሁ። ሳጥኑን እንዳለ እዚህ አስቀምጪው፣ አንቺ ቡና ጠጪ።”

“እኔ ቡና ልጠጣ፣ አንተ ሳጥኔን ልትጠጣ ነው? ይልቅ ያንን ከጀርባህ የደበቅከውን የ1953 የቀላቢ ካርድ አምጣው።”

“እሱ ለሽያጭ አይደለም።”

“ኦልጋ፣ እንሂድ። ጎን ያለው ሰውዬ ይሻላል።”

አመጣው። በድርብ ካሉኝ ካርዶች ሦስቱን ሰጥቼ ወሰድኩት። “ባልሽ በደንብ አስተምሮሻል” አለኝ እየሳቀ። ባሌ የአንዱን ስም እንኳ አልነገረኝም አልኩት።

ከአሥራ ዘጠኙ ሰባቱን ሞልቻለሁ። እርስዎና ኤሚል በስንት ዓመት ነው ሰባት የሞላችሁት?

ትንንሾቹን አልላክሁም። ከኋላቸው ወፍራም ወረቀት ከገባ አይንሸራተቱም፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ቴምብርዎን የኤሌክትሪክ ክፍያዬን በፖስታ ለመላክ ተጠቅሜበታለሁ።

ቬሮና

*

ቱሳን
ጁን 21፣ 1986

ቬሮና፤

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደርሶኝ ወዲያው ነው የምጽፈው።

የሠራሽው ሥራ ጥሩ ነው። እንዲህ ትሠሪያለሽ ብዬ አላሰብኩም። ሰባት መሙላትሽ ግን አያስኩራራሽ፤ አሁን ካርድ በየመንገዱ ነው የሚሸጠው፣ በእኛ ጊዜ ግን ሰው ቤት ሄደን ለምነን ነበር የምናገኘው።

ትንንሾቹን ግን አትንኪያቸው። ቬሮና፣ ስሚኝ፤ እነሱን አታገላብጪያቸው። ጀርባቸው የተጻፈበት ቀለም ደካማ ነው፣ በእጅ ላብ ይለቃል። መዝገብም አያስፈልጋቸውም፤ የእነሱን ዝርዝር እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። በአንድ ሳጥን ውስጥ አድርጊያቸውና ክዳኑን በገመድ እሰሪው። በሴፕቴምበር ራሴ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።

ይህንን ብቻ ነው የምለምንሽ። ልመና ብለሽ ውሰጂው፤ ትዕዛዝም ብትይው ግድ የለኝም።

ሉድቪክ

*

ብሬንቶን
ኖቬምበር 30፣ 1986

ሉድቪክ፤

ሰላምታ የለኝም።

በሴፕቴምበር አልመጣህም። በኦክቶበር፣ የኤሚል ሙት ዓመት ቀን፣ ተቀምጬ ጠበቅሁህ። ካርዱ ጋ ባይመጣ እንኳ መቃብሩ ጋ ይመጣል ብዬ። አልመጣህም። በነጋታው ገመዱን ቆረጥኩት።

አንተው ነህ ያልከው፤ እያንዳንዱን ካርድ መዝግቢ፣ ቁጥሩን ጻፊ። ቁጥሩ የት ነው ያለው? ጀርባው ላይ። ስለዚህ ገለበጥኳቸው።

በመጀመሪያው ምንም አላየሁም። በሁለተኛውም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛው ላይ በጎን ስትወድቅ ግን ካርዱ ላይ ጭረት አየሁ። እርሳሱ ጠፍቷል፣ በላጲስ በደንብ ተፍቋል፤ ወረቀቱ ውስጥ የገባው ጉድጓድ ግን አልጠፋም። ካርዱን አዘንብዬ አነበብኩት።

አንቶን ሚህሊክ። ኤልም ጎዳና 14።

ሉድቪክ፣ ወንድሜ እንዴት እንደሚጽፍ ታውቃለህ። እርሳሱን እንደ ምስማር ነበር የሚጫነው። እናቴ “ጠረጴዛዬን ልትበሳው ነው” ትለው ነበር። ሁሉንም ገለበጥኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ስሙ።

ስሙን የፋቅከው አንተ ነህ? አንድ በአንድ ተቀምጠህ?

የሆነውን ላስታውስህ፤ ምናልባት ፀሐዩ አእምሮህን አድርቆት ይሆናል። አንቶን በ1951 ኮሪያ ውስጥ ሞተ። አስከሬኑ በሚቀጥለው ጸደይ መጣ። እናቴ ከሚወዳቸው ካርዶች ጥቂት ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ላስቀምጥለት ብላ ቤቱን ገለበጠችው። ቆጡን፣ ጓዳውን፣ የድንች ጉድጓዱን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “አንቺ ነሽ የጣልሻቸው” አለችኝ። አንድ ጊዜ ተናድጄ “እነዚህን ቆሻሻዎች እጥላቸዋለሁ” ብዬው ስለነበር ነው። አልጣልኩም ብዬ ማልኩ። በመስቀል ማልኩ። አላመነችኝም። “የወንድምሽን ነገር ከቆሻሻ ጋር ጣልሽው” አለች፣ በተሰበሰበው ለቀስተኛ ፊት።

አንተ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ ነበር። ሾርባ እየጠጣህ። ቀና ብለህ አየኸኝ፤ አስታውሳለሁ። ከዚያ ዳቦ እንዳቀብልህ ጠየቅኸኝ።

እናቴ በ1963 እስክትሞት ድረስ አላመነችኝም። በመጨረሻው ቀኗ እጇን ስይዛት እጇን አወጣች።

እንዴት እንዳገኘኻቸው ትነግረኛለህ።

ቬሮና

*

ብሬንቶን
ጃንዋሪ 2፣ 1987

ሉድቪክ፤

ዛሬ የዓመቱ ዕቅድ ቀን ነው። ፖስተኛው ባዶ እጁን መጣ። ምነው፣ ዘንድሮ የምታዘኝ ነገር የለም?

ዝም ማለት እንደምትችል አውቃለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት ችለህበታል። ግን ካልጻፍክልኝ የሚቀጥለውን ደብዳቤ የምጽፈው ለሴት ልጅህ ነው። አድራሻዋን ኤሚል በደብተሩ ላይ ጽፎታል።

ቬሮና

*

ቱሳን
ፌብሩዋሪ 25፣ 1987

ቬሮና፤

ልጄን ከዚህ ውስጥ አውጪያት። እሺ፤ ልንገርሽ።

አልሰረቅሁም። በዲሴምበር 1950 አንቶንን ወደ አውቶቡስ ተራ የሸኘሁት እኔ ነበርኩ፤ አንቺ ከእናትሽ ጋር ቤት ቀርተሽ ነበር። የብስኩት ቆርቆሮ በብብቱ ይዟል። “ሉድ፣ እነዚህን ያዝልኝ። ቤት ከተውኳቸው እማማ በጽዳት ቀን ታንቀሳቅሳቸዋለች” አለኝ።

“እስከ መቼ ልያዝልህ?” አልኩት።

“እስክመጣ። ካልመጣሁ ደግሞ ለቬሮና ስጣት። ታጉረመርማለች እንጂ አትጥላቸውም።”

ይህንን ነው ያለው። ቃል በቃል። እኔም እሺ አልኩት።

አልመጣም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ካርዶቹ ከእኔና ከኤሚል ካርዶች ይበልጡ ነበር፤ ንጹሕ ነበሩ፣ ጠርዛቸው የሚቆርጥ። ዛሬ እሰጣታለሁ፣ ነገ እሰጣታለሁ እያልኩ ሳለ እናትሽ መፈለግ ጀመረች። ያኔ ብናገር ሌባ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ መናገር ጨርሶ የማይቻል ሆነ። ስሙን የፋቅሁት እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በደንብ የጠፋ መስሎኝ ነበር።

አሁን ግን አንድ ነገር ስሚ፤ ደስ ባይልሽም ስሚው። ኤሚል ያውቅ ነበር። በ1957 ስብስቡን ለእሱ ትቼ ስወጣ አንቺ እንዳየሽው አየው። ስልክ ደውሎ ሰደበኝ። “ና፣ ራስህ ንገራት” አለኝ። “አንተ ባሏ ነህ፣ አንተ ንገራት” አልኩት። “አራት ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ አሁን ብነግራት ‘ከእናቴ ጋር ያጣላኝ የአንተ ዘመድ ነው’ ብላ ትተወኛለች” አለ። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አላወራንም። በየዓመቱ ዕቅድ እንጽፍ ነበር። ላስቲክ፣ ሳጥን፣ የጎደለ ካርድ። ሁለታችንም መዝገቡን ለምን “በሚቀጥለው ዓመት” እንደምንል እናውቅ ነበር።

ባለፈው ሴፕቴምበር ሳይሆን ካቻምና፣ ከሆስፒታል ጻፈልኝ። “ሳልሞት እነግራታለሁ” ይላል። ለቀብሩ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ነግሮሽ ከሆነ በሕዝብ ፊት ፊቴ ላይ ትተፊብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። በአምናው ጃንዋሪ ስለ ካርዶቹ የጻፍኩልሽ ማወቅሽን ለማጣራት ነው። መልስሽን ሳነብ ሳይነግርሽ እንደሞተ ገባኝ። አልዋሽሽም፤ ደስ አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩሽ። ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ አትሰጪኝም። በእኔ ላይ ብቻ አትፍረጂ ብቻ ነው የምለው። አንዱ በሩቅ ዋሽቶሻል፤ ሌላው አንድ አልጋ ላይ።

ሉድቪክ

*

ብሬንቶን
ሜይ 4፣ 1987

ሉድቪክ፤

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ብዕርህ እንዴት እንደጣፈጠው ይታየኛል። ደግ። ገብቶልኛል።

በዚህ ጸደይ በኤሚል መቃብር ላይ አበባ አልተከልኩም። ሁለት ጊዜ ችግኙን ይዤ ሄጄ ይዤው ተመለስኩ። እናቴ ስትሞት እሱ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ እጇን ከእጄ ስታወጣ አይቷል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ይህንን ከእሱ ጋር የምጨርሰው እኔ ነኝ፤ አንተ አትግባበት። የእሱን ጥፋት ጋሻ አድርገህ ከኋላው አትቆምም።

ዕቅድ ስትወድ ይኸውልህ የኔ የ1987 ዕቅድ። ከፊሉን ፈጽሜዋለሁ።

የአንቶንን ካርዶች ለይቼ አውጥቻለሁ። ቅዳሜ ዕለት ወደ መካነ መቃብሩ ወሰድኳቸውና ከእናቴ ድንጋይ አጠገብ ተቀመጥኩ። “ይኸው፣ አልጣልኳቸውም” አልኳት። ቀዝቃዛ ነበር፣ ወደ ቤት ገባሁ።

የ1950ውን ለመሙላት አንቶን ሠላሳ አንድ ካርድ ይቀረው ነበር። እሞላለታለሁ። ኖርበርት ስድስቱን አስቀምጦልኛል፤ ሌባ ቢሆንም ሌባነቱ ፊት ለፊት ነው።

የቀረው የአንተ ነው። ግማሽ አልፈልግም፤ የኤሚልንም ድርሻ ውሰደው። ወደ ዘጠኝ ሺህ ይጠጋል። በአሥራ አንድ ትልልቅ ሳጥን ጭኜ ልኬልሃለሁ።

ሳጥኖቹን ስትከፍት እንዳትደነግጥ ከወዲሁ ልንገርህ። አንድ ዓመት ሙሉ በዓመትና በቁጥር ደርድሬ ፕላስቲክ ውስጥ የከተትኳቸውን በሙሉ አውጥቼ የልብስ ቅርጫት ውስጥ ገለበጥኳቸው። ኦልጋ ገብታ “ምን እያደረግሽ ነው?” አለችኝ።

“ሊጥ እያቦካሁ።”

አንድ ጊዜ አየችኝ፣ አንድ ጊዜ ቅርጫቱን አየች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ አብራኝ አቦካች። ሦስት ቀን ፈጀብን። 1953 ከ1978 ጋር፣ ወርዋሪ ከመቺ ጋር፣ ፒትስበርግ ከክሊቭላንድ ጋር። አንድም ሁለት ካርድ በትክክለኛ ቦታው ተከታትሎ አታገኝም፤ ካገኘህ የኦልጋ ስህተት ነው። መዝገቡንም አልላክሁልህም። በእጄ የጻፍኩት ነው፣ የኔ ነው። ላስቲክ ግን አላሰርኩባቸውም፤ ጠርዝ ይበላል ብለሃል።

አንተ ስም ለማጥፋት ሁለት ሳምንት ተቀምጠሃል። አሁን ስሞቹን አንድ በአንድ ለማንበብ ተቀመጥ።

ቬሮና ሚህሊክ ባላዝ

*

ቱሳን
ጃንዋሪ 2፣ 1988

ቬሮና፤

ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን። በጤና ያቆይሽ።

ሳጥኖቹ በጁን ደረሱ። ሳሎኔ ውስጥ የምራመድበት ቦታ የለም። ልጄ መጥታ “አባዬ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ?” አለችኝ፤ ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሳችም። አሁን በእሑድ ትመጣለች፤ ወንበር ስባ ካርዶቹን በዓመት በዓመት ትለይልኛለች።

ዓይኔ ደክሟል። በማጉያ መነጽር ነው የማነበው። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ እቀመጣለሁ። እስካሁን ሰባት ሳጥን ጨርሻለሁ። የዘንድሮ ዕቅዴ አራቱን መጨረስ ነው፤ ሌላ ዕቅድ የለኝም። ማሳደግ ትቻለሁ።

በኖቬምበር በሰባተኛው ሳጥን ውስጥ፣ ከአንድ የ1961 ካርድ ሥር፣ አንድ ትንሽ ካርድ አገኘሁ። ገለበጥኩት። የአንቶን ስም አለበት። አምልጦሽ ነው። አንድ ሰዓት ያህል በእጄ ይዤው ተቀመጥኩ። ይህንንም አስቀረ እንዳትዪኝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሁለት ካርቶን መካከል አድርጌ ልኬልሻለሁ። ከወንድሞቹ ጋር አግቢው።

ወገቤ ተሽሎኛል። ሐኪሙ መብረር ትችላለህ ብሎኛል። በፋሲካ ወደ ብሬንቶን ብመጣ በሩን ትከፍችልኝ እንደሆነ መጠየቅ ፈልጌ ነበር። የኤሚልንም የአንቶንንም መቃብር ማየት እፈልጋለሁ። ባትከፍችም ይገባኛል።

ሉድቪክ

*

ብሬንቶን
ጃንዋሪ 19፣ 1988

ሉድቪክ፤

ለዘላለሙ፣ አሜን።

ካርዱ አላመለጠኝም። ኦልጋ ስታቦካ እኔ ነኝ መሐል ላይ የከተትኩት። በስንት ወር እንደምታገኘው ለማወቅ ስጠብቅ ነበር። ፖስተኛውን በየቀኑ በር ላይ ነበር የምቀበለው፤ ታገኘዋለህ፣ አግኝተህ ደግሞ ዝም ትላለህ ብዬ ነበር። በዚህ ተሳስቻለሁ። ስለ በሩ ግን ገና አልወሰንኩም።

መልሼ ልኬልሃለሁ። ሁለት መቶ አሥራ አንዱ እዚህ ይበቁኛል። ይኼኛው ቦታው እዚያው ከአንተ ዘጠኝ ሺህ ጋር ነው። ፕላስቲክ ውስጥ አትክተተው፣ ለብቻው አታስቀምጠው፣ ግድግዳ ላይ አትስቀለው። እዚያው መሐላቸው ውስጥ ተወው፤ በደረደርክ ቁጥር ድንገት እጅህ ላይ ይውጣ።

ላጲስ አታስጠጋበት።

ቬሮና